የአባል ቁጥር 412 ለቅሶ

በሰባተኛ ከተማ ሙቀት ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ቴርሞሜትሩ ወርዶ አይደለም፤ ቃሉ ነው የቀረው። የእፎይታ ጋዝ ኩባንያ የማኅበረሰብ ደስታ መምሪያ በ2077 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከዚያ ወዲህ ያለው «ድምቀት» ነው። ራዲዮው በየጠዋቱ «ዛሬ ድምቀቱ አርባ ዘጠኝ ይደርሳል፤ እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ሰውም ደስ ብሎት እርጥብ ፎጣውን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሰባተኛው የጋዝ ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ ረጅም የብረት ጭስ ማውጫ ቆሟል፤ አፉ ላይ የሚነደው ነበልባል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠፋም። ኩባንያው «የተስፋ ችቦ» ይለዋል። ነዋሪው ምንም አይለውም፤ ጀርባውን ሰጥቶት ይኖራል። በሰባተኛ ያሉ ቤቶች ሁሉ በዚያ በኩል መስኮት የላቸውም።

ሰዉ በማለዳ ተነስቶ እስከ ሦስት ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የጥላ ተራ የሚጠበቅበት ነው። ኩባንያው ለሕዝብ ባሠራው የእፎይታ አዳራሽ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር አለ፤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ሰዓት ይደርሰዋል። አገባቡም ቀላል ነው። በሩ ፊት ቆሞ ፈገግ ማለት ብቻ! ፈገግታው ከልብ ከሆነ በሩ ይከፈታል፤ ከልብ ካልሆነ በለሰለሰ የሴት ድምፅ «እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይላል።

አንበርብር በዚህ በር ብዙ መከራ አይቷል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ፊቱም ለቅሶ ቤት የዋለ ፊት ነው። ሥራው ነዋ! የከተማዋ እድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት «እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ የሚለፍፈው እሱ ነው። እሱ ካልነፋ ድንኳን አይተከልም፣ አልቃሽ አይሰበሰብም፣ አስክሬንም ከሐኪም ቤት አይወጣም። በሩ ይህን ሁሉ አያውቅለትም። አንዳንድ ቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ያስሞክረዋል።

ታናሽ እህቱ ይርገዱ ግን ሌላ ነበረች። ገና ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ በሩ አይቷት ወለል ይላል። የእድሩን ድንኳን የምትሰፋውና የምትጠግነው እሷ ነበረች፤ መርፌውን በጥርሷ ይዛ እንኳን ትስቃለች። ኩባንያው ይህን ሳቅ ካየ በኋላ ፎቶዋን አነሳት። አሁን በዋናው በር ላይ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በሚያህል ሸራ ላይ፣ ይርገዱ እየሳቀች «እኔ በእፎይታ ጥላ ሥር ነኝ!» ትላለች። ሸራው በነፋስ በተቀደደ ቁጥር እየወጣች የምትሰፋውም ራሷ ነበረች። የራሷን አገጭ ሁለቴ፣ ግራ ጆሮዋን አንዴ ሰፍታዋለች።

ማክሰኞ ዕለት አዳራሹ ለቀረጻ ተዘጋ። ኩባንያው «የጥላ ባለቤቶች» የሚል አዲስ ማስታወቂያ እያዘጋጀ ነበር። ተረኞቹ ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ውጭ ግድግዳው ሥር ተሰልፈው ጠበቁ፤ ይርገዱም ከእነሱ ጋር። ውስጥ የራሷ ምስል የሃያ ዓመት ወጣት ተደርጎ በአረንጓዴ ሣር ላይ ይሮጣል። ውጭ እሷ መጀመሪያ ቁጭ አለች፤ ቀጥሎ ጋደም አለች። ቀረጻው ሲያልቅ ሰዎች ተሸክመዋት ወደ በሩ ተጠጉ። በሩ እንደ ልማዱ ከሩቅ አወቃትና ተከፈተ። «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ይርገዱ» አላት።

አልሰማችውም።

በማግሥቱ ጠዋት አንበርብር የልፈፋውን ቅጽ ሊያስፈቅድ ወደ ደስታ መምሪያ ሄደ። ጥሩምባ ነፊ በዘመዱ ሞት አይነፋም ነበር፤ በወጉ ሌላ ሰው ነበር የሚነፋለት። ዳሩ ግን ሰባተኛ ውስጥ የልፈፋ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ለእህቱም ራሱ ሊነፋ ነው። መምሪያው ውስጥ ሠራተኞቹ ሹራብ ለብሰው ነው የሚሠሩት። ገና ሳይቀመጥ አስነጠሰው።

ኃላፊው ፍጹም ብድግ ብሎ አቀፈው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። ሰው ሲያቅፍ ከልቡ ነው፤ ለዚሁም ሥልጠና ወስዷል።

«ጋሽ አንበርብር፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። እትዬ ይርገዱ የሁላችንም እናት ነበሩ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ቅጹን ፈርምልኝና ልሂድ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ፍጹም ቅጹን ተቀበለው። የሞት ምክንያት በሚለው ሥር አራት ሳጥኖች አሉ፦ በዕድሜ፣ በድካም፣ በፈጣሪ ፈቃድ፣ በግል ምክንያት። አንበርብር አንዱንም አልነካም።

«ምልክት አላደረጉም፣ ጋሼ።»

«የሷ የለም እዚህ።»

«እንዴት? በድካም አለ እኮ።»

«ምን ሠርታ ትድከም? ተራ ስትጠብቅ ነው የሞተች። ሙቀት ነው የገደላት።»

ፍጹም ክፍት የነበረውን በር ሄዶ ዘጋው። አጠገባቸው ያለችው ጸሐፊ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አባቴ፣ በሐዘን ያለ ሰው ብዙ ይናገራል፤ አልሰማሁም» አለ ተመልሶ ሲቀመጥ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ እውነቱን ልንገርዎ? ችግሩ ምክንያቱ አይደለም። ችግሩ መሞታቸው ነው።»

«ለኔም እሱ ነው ችግሬ።»

«አይ፣ ማለቴ... አዲሱ ማስታወቂያ እሑድ ይጀምራል። ‹እንደ ይርገዱ እንሁን› ነው የሚለው። አሁን እርስዎ ወጥተው ሞታለች ብለው ቢለፍፉ፣ እንደ ይርገዱ እንሁን ስንል ሰዉ ምን ይለናል?»

አንበርብር አሰበበት። እውነትም ይከብዳል።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛውረዋል ይበሉ።»

«የት?»

«እሱን ክፍት እንተወዋለን። እስከ መስከረም ብቻ ነው፣ ጋሼ። መስከረም ላይ በደንብ እንሸኛቸዋለን፤ ድንኳኑንም እኛ እንችላለን። እስከዚያ ሐኪም ቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ የተሻለ ቦታ ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም!»

ይህንንም ከልቡ ነው ያለው።

አንበርብር ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ቤት ሄደ። ዘነበች የእድሩ ዳኛ ናት፤ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ። የተወለደችው በሰባተኛ ዝናብ ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ በጣለበት ዓመት ስለሆነ ስሟ እንደ ታሪክ ቅርስ ይቆጠራል። እድሩ በእሷ እጅ ነበልባሉ እንዲጠፋ፣ ዛፍ እንዲተከል፣ አዳራሹ ያለ ፈገግታ እንዲከፈት ስልሳ አራት አቤቱታ ጽፏል። ለእያንዳንዱ አቤቱታ የምስጋና መልስና ሃያ ቆብ መጥቶለታል። ቆቦቹ «እናዳምጣለን» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። የሰባተኛ ፍየል እንኳ ባለ ቆብ ነው።

ዘነበች ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ቆቧን አውልቃ ራሷን አራገበች።

«እንግዲያው አልሞተችም በለኛ!»

«ተዛውራለች ነው የሚሉት።»

«ሳይነፋላት፣ አፈር ሳትለብስ ልትቀር ነው? እንደ ውሻ?»

«ፈቃድ ከሌለኝ ማጉያው አይሠራም፣ እትዬ። ታውቂው የለ።»

ማጉያው ኩባንያው የሰጠው ዘመናዊ ጥሩምባ ነው። በከተማዋ ምሰሶዎች ሁሉ ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማውጫዎች ይናገራል። ያልተፈቀደ ሟች ሲጠራበት ስሙን ይቆርጥና በቦታው የኩባንያውን ዜማ ያስገባል። ያልተፈቀደ ቃልም እንዲሁ። የኩባንያውን ስም ሲሰማ ግን ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ ድምፁን በእጥፍ ያጎላል።

ዘነበች ተነስታ የእድሩን የአባላት መዝገብ ከሣጥን አወጣች። አንዱን ገጽ ገልጣ ወደ እሱ አዞረችው።

«አባል ቁጥር 412ን አንብብልኝ።»

አንበርብር መነጽሩን አደረገ። «እፎይታ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር።» ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ፍጹም ካሜራ አስከትሎ መጥቶ «ኩባንያው የሕዝቡ ቤተሰብ ነው፣ እንደ ማንኛውም ነዋሪ አባል መሆን ይፈልጋል» ብሎ ነበር። ፎቶ ሲነሱ የእድሩን ደንብ በደረቱ ይዞ ነበር። አላነበበውም፤ ይዞት ብቻ ነበር።

«ኩባንያው ከተመዘገበ ወዲህ ስንት ለቅሶ ነፍተሃል?»

«ሠላሳ አንድ። የይርገዱን ሳይጨምር።»

«ስንቱ ላይ መጣ?»

«ኧረ አንዱም ላይ! ድንኳን ይልካል እንጂ።»

«ድንኳን አባል አይደለም። አንቀጽ ዘጠኝስ ምን ይላል?»

አንቀጽ ዘጠኝን አንበርብር በቃሉ ያውቀዋል። ሲጻፍ ነበረ። ጉድጓዶቹ በተቆፈሩበት ዘመን ሥራ ገብተው የት እንደ ደረሱ የማይታወቅ ሰዎች ነበሩ፤ አስክሬን የለ፣ መልስ የለ። ሚስቶቻቸው ሐዘን እንዳይቀመጡ ሞተ የሚላቸው አጡ። ያን ጊዜ እድሩ ተሰብስቦ ወሰነ። በሕይወት ያለ ሰው በተከታታይ ሦስት ለቅሶ አይቀርም፤ ስለዚህ የቀረ አባል እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ጥሩምባ ይነፋለታል፣ ሦስት ቀን ይለቀስለታል።

አንበርብር መነጽሩን አወለቀ።

«እህ?» አለችው። «ምን ሆኗል ይሄ አባላችን?»

«አርፏላ!»

«ነፍሱን ይማረው። ሐዘኑ የሚቀመጠው የት ነው?»

«በሟች ደጅ ነው ወጉ።»

«ጎሽ። ዋናው በር ላይ።»

ሐሙስ ማለዳ ፀሐይ ብቅ ስትል ማጉያው ተነፋ። አንበርብር የነፋው ለእህቱ ያዘጋጀውን ትንፋሽ ነው።

«ወገኖቼ! አባላችን እፎይታ ጋዝ አርፏል! ለቅሶው በዋናው በር ነው!»

ማጉያው ለነዋሪ እንጂ ለኩባንያ ሞት ፈቃድ መጠየቅ አልተማረም። የኩባንያውን ስም ሲሰማ እንደ ሥሪቱ ድምፁን በእጥፍ አጎላው። በሰባተኛ ታሪክ እንደዚያ ቀን የተሰማ ልፈፋ የለም። ከበረኻው ማዶ ያሉ ግመሎች ሳይቀሩ ቀና አሉ።

አንድ ሰዓት ሳይሆን ዋናው በር በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ኩባንያው ለእድሩ የሰጣቸው ድንኳኖችም ተተከሉ፤ እድሩ ሌላ የለውም። «ምን አገኘው?» ይላል አንዱ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቀርቶ ነበር አሉ።» «እኔን! ሳንጠይቀው!» ሐኪም ቤቱም አስክሬን የሚያወጣው ለቅሶ ሲኖር ነው። ለቅሶ አለ። የማን እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም። የእድሩ ጎረምሶች ይርገዱን ተሸክመው መጡና ከነሣጥኗ በሩ ፊት፣ ራሷ ከምትስቅበት ሸራ ሥር አሳረፏት።

ሠላሳ ስምንት ጋዝ የጫኑ ቦቴዎች ሊወጡ ተሰልፈው ነበር። የመጀመሪያው ሾፌር ወርዶ ሣጥኑን አየ፤ ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ፤ ቆቡን አውልቆ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ያሉትም እንዲሁ። ተቆጣጣሪው በሬዲዮ እየጮኸ ሲደርስ ሾፌሩ ከተቀመጠበት ቀና አላለም።

«አስክሬን ባለበት ደጅ ሞተር አላስነሳም፣ አለቃ። እናቴ አሳድጋኛለች» አለው።

ፍጹም እየሮጠ መጣ። ሹራቡን እንኳ አላወለቀም።

«ምንድነው ይሄ? ማን ሞተ?»

«ኩባንያችሁ ነዋ፣ ልጄ» አለችው አንዲት አሮጊት አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«ኩባንያው አልሞተም! በሕይወት አለ! ትርፋማ ነው!»

ሴቶቹ ተያዩ። «እኔ ልሙትልህ! አላመነም።» «መጀመሪያ እንዲህ ነው፣ የኔም ባል የሞተ ጊዜ...» ሁለቱ ተነስተው በግራና በቀኝ ብብቱን ያዙት። ዘነበች መዝገቡን ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች። «አባል ቁጥር 412። የቅርብ ተጠሪ፦ አቶ ፍጹም።» ፊርማው የራሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለካሜራው እየሳቀ ነው የፈረመው። ጋቢ አለበሱትና ከዋናው ሐዘንተኛ ወንበር ላይ፣ ከአንበርብር አጠገብ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ከቦቴ ሾፌር ጀምሮ እየመጣ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። «አይዞህ፣ በርታ።» «ያለ ነው።»

በሦስት ሰዓት ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ። ኩባንያው ሕዝብን በኃይል አይበትንም፤ ስሙ አለ። የሰጠውን መልሶ መውሰድ ግን መብቱ ነው። ጥበቃዎቹ በትሕትና ይቅርታ እየጠየቁ የኩባንያው አርማ ያለባቸውን ድንኳኖች ነቀሉ፤ ማጉያውንም ከአንበርብር እጅ ተቀበሉ። ድምቀቱ አርባ ስድስት ደርሷል። ጥላ የለም። ሰዉ ለግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማይቆም መሥሪያ ቤቱ ያውቃል፤ ጥናት አስጠንቷል።

እውነትም ሽማግሌዎቹ መንገዳገድ ጀመሩ። አንበርብር የእህቱን ሣጥን አየ። ሰው ከተበተነ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ትመለሳለች፤ ትዛወራለች። ቀና ሲል ከላይ ከሸራው ላይ ትስቃለች፤ አገጯ ላይ ሁለት፣ ጆሮዋ ላይ አንድ የስፌት መስመር።

«እትዬ» አለ፣ «የሸራው ገመድ የት ጋ ነው የሚፈታው?»

ዘነበች ወደ ላይ አየች። ወደ ስፌት ተማሪዎቹ፣ ይርገዱ ድንኳን መጠገን ወዳስተማረቻቸው ሴቶች ዞረች። አብረዋት ስንት ጊዜ ወጥተዋል! ተሸቀዳድመው መሰላሉ ላይ ወጡ። ሸራው እያጓራ ወረደ፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል ሳቅ በሰዉ አናት ላይ ተዘረጋ። ጎረምሶቹ ጫፉን ከቦቴዎቹ ጋር አሰሩት። አራት መቶ ሰው በጥርሶቿና በጉንጮቿ ሥር ገባ፤ ፍጹምም ከነወንበሩ። «እኔ በእፎይታ ጥላ ሥር ነኝ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ ከሥር ይነበባል። ማስታወቂያው ከተሰቀለ ወዲህ እውነት የተናገረው ያን ቀን ነው።

አንበርብር ከጋቢው ሥር የአባቱን የቆርቆሮ ጥሩምባ አወጣ። ጠርዙ ዝጓል። ምሰሶ ላይ አይወጣም፣ ቃል አይቆርጥም፣ ዜማ አያውቅም። በጎደሉት ጥርሶቹ በኩል ትንፋሹ እየሾለከበት ሦስት ጊዜ ነፋ።

«ወገኖቼ! እህቴ ይርገዱ፣ ድንኳን ሰፊዋ፣ ማክሰኞ በስምንት ሰዓት በአዳራሹ ደጅ ተራ ስትጠብቅ ሞታለች!» ወደ ሸራው ቀና አለ። «በሙቀት ነው የሞተችው! በሙቀት!»

ቃሉን አሥራ አንድ ዓመት ማንም ጮክ ብሎ አላለውም። ከኋላ አንድ ሾፌር ለራሱ «ሙቀት» አለ፣ የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘ ሰው። ሌላውም «ሙቀት ነው እኮ» አለ። ከዚያ ሴቶቹ ለቅሶውን አነሱት፤ ይርገዱን በስሟ እየጠሩ።

በአሥር ሰዓት ተቀበረች። ሦስት ቀን ተቀመጡ። ወደ በሩ የመጣ ቦቴ ሁሉ እየቆመ ሾፌሩ ይቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጋዙ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ጉድጓዱ ተዘጋ፤ የተስፋ ችቦውም ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። ሰዉ በዚያ በኩል ለማየት አንገቱን ማዞር አቃተው፤ ልማድ የለውማ። ኩባንያው በዚያው ቀን መግለጫ አወጣ። አራት ሺህ ነዋሪዎች በበሩ ላይ ተገኝተው ለኩባንያው ያላቸውን ፍቅር እንደገለጹ፣ ችቦውም ለወይዘሮ ይርገዱ ክብር ሲባል በታቀደ ሁኔታ እንደጠፋ ይገልጻል። ከሰኞ ጀምሮ ይበራል።

ከሰዓት በኋላ ፍጹም ጋቢውን እንደለበሰ ወደ አንበርብር ቀረበ። ጢሙ አድጓል፤ ሦስት ቀን ቀዝቃዛ አየር ስላላገኘ ፊቱ ተልጧል። አዲስ ቅጽ ሰጠው።

«ተሳካልን፣ ጋሼ። ጥያቄዎ ላይ ድረስ ሄዶ ተሰማ። አምስተኛ ሳጥን ተጨምሯል።»

አንበርብር መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ‹በዕድሜ፣ በድካም፣ በፈጣሪ ፈቃድ፣ በግል ምክንያት፣ በድምቀት።›

ሳቀ። ድዱ እስኪታይ፣ እንባው እስኪወርድ። አዳራሹ ደጅ ላይ ቢሆን ኖሮ በሩ ከመንገዱ ማዶ ይከፈትለት ነበር።

ፍጹም አልሳቀም። ቅጹን ከእጁ መልሶ ወስዶ አጠፈው፤ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት እንደያዘው ቆመ።

«አለቆቼ አንድ ነገር ጠይቅ ብለውኛል» አለ። «ይሄ ለቅሶ... አለቀ ማለት ነው?»

አንበርብር ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። ከኋላቸው የስፌት ተማሪዎቹ ሸራውን ይርገዱ እንዳሳየቻቸው፣ ፊቷን ወደ ውስጥ አድርገው እያጠፉ ነበር።

«ሦስተኛው ቀን አለቀ። አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ» አለው ቀስ ብሎ፣ አገር ለማያውቅ እንግዳ እንደሚያስረዳ። «ሁሉም በሟች ደጅ ነው። አንተም ተጠሪ ነህና እንዳትቀር።»

ፍጹም ራሱን ነቀነቀ።

«ለአለቆችህም ንገራቸው፣ ልጄ። ለአርባው ድንኳን እንዳይልኩ። አለን።»